«ሥልጠናው ምን ያህል ጠቀማችሁ?»

«ጥናቴን ጨረስኩ፤ ሠራተኛው በሙሉ ሥልጠናው ጠቅሞኛል ብሏል» አለኝ አንድ ወዳጄ።

ምን ብለህ ጠየቅኸው?

«ሥልጠናው ምን ያህል ጠቀማችሁ? በጣም፣ በመጠኑ፣ በጥቂቱ።»

መልሱን አንተ ጽፈህ ሠራተኛውን ያስፈረምኸው ነው እንጂ የጠየቅኸው አይደለም! ያልጠቀመው ሰው የቱን ያክብብ?

«አንድ ቃል ምን ያመጣል ብለህ ነው?»

ብዙ ያመጣል። ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙትን ጥናት እይ። ለ45 ተማሪዎች የመኪና አደጋ ፊልም አሳይተው ፍጥነቱን አስገመቷቸው። የቀየሩት ግሷን ብቻ ነው። «ሲላተሙ» ተብለው የተጠየቁት በአማካይ ከ40 ማይል በሰዓት በላይ አሉ፤ «ሲነካኩ» የተባሉት 31.8። በሌላ ሙከራ ደግሞ ሌሎች ተማሪዎችን የአደጋ ፊልም ባዩ በሳምንቱ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» አሏቸው። ፊልሙ ላይ መስታወት የሚባል አልተሰበረም። «ሲላተሙ» ከተባሉት 50 ተማሪዎች 16ቱ አይተናል አሉ፤ «ሲጋጩ» ከተባሉት 50ዎቹ 7። ሦስተኛዎቹ 50 ስለ ፍጥነት ምንም አልተጠየቁም፤ ከነሱም 6ቱ አይተናል ብለዋል። እነዚህ ባይኖሩ 16 ብዙ ይሁን ጥቂት በምን ታውቅ ነበር? አንተስ ያልሠለጠኑትን አይተሃል?

«ያልሠለጠነ ሰው ስለ ሥልጠና ምን ብዬ ልጠይቀው?»

አትጠይቀው፤ ሥራውን እየው። ስህተቱን ቁጠር፣ የደንበኛ አቤቱታ ቁጠር፤ ከሥልጠናው በፊትም በኋላም፣ በሁለቱም ወገን። ያልሠለጠነውም እኩል ከተሻሻለ ምክንያቱን ሌላ ቦታ ፈልገው። ለመሆኑ ሠልጣኞቹን ማን መረጣቸው?

«የየክፍሉ ኃላፊዎች። ጎበዝ ጎበዙን ነው የላኩት።»

ጎበዝ ልከው ጎበዝ ተመለሰላቸው፤ ሥልጠናው እዚህ ውስጥ ምን ሠራ? ዕጣ አውጣ እንጂ። ዕጣ ዘመድም ጎበዝም አይለይም።

«ያልደረሰው ቢያኮርፍስ?»

በሚቀጥለው ዙር ይሠልጥን፤ እስከዚያ ማነጻጸሪያህ እሱ ነው። መጠይቁንስ ማን ሰበሰበው?

«ኃላፊዎቹ ናቸው፤ ስምና ፊርማም አለበት።»

ታዲያ ዕድገቱን በሚፈርምለት አለቃ ፊት «አልጠቀመኝም» የሚል ማን አለ? ስሙን አስቀር፣ ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ ይክተቱት፣ ሣጥኑንም አንተው ክፈተው።

«ኧረ ምነው፣ ለአንድ መጠይቅ ይህን ያህል ትቆጣለህ!»

እቆጣለሁ! በዚህ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ ነው የከርሞ በጀት የሚያዘው። ያ ሠራተኛ ሥራው ተቆልሎ እየጠበቀው ለማይረዳው ነገር ዳግመኛ ወንበር ላይ ሲውል ያንገበግበኛል። ጠቅሞት ከሆነም ለቀሩት እንዲዳረስ በማስረጃ መናገር አለብህ።

«ውጤቱ አልጠቀመም ቢልስ? ኃላፊዎቹን ምን እላቸዋለሁ?»

አልጠቀመም በላቸዋ!

«መጠይቁ እኮ ለሚቀጥለውም ዙር ታትሟል፤ ስንት እሽግ ወረቀት ነው የወጣበት!»

ጀርባው ባዶ አይደለም? አዲሱን እዚያ ላይ አትመው።