ስለት የመሰለ ሸክም

ልብ ወለድ ያሳተመ ሰው ፋሲካ ቢያመልጠው ሌላ ወር አለው። ስለ ቁልቢ ገብርኤል ያሳተመ ግን ያለው የንግሡ ቀን፣ ታኅሣሥ 19 ነው። እሱ ካለፈ ሐምሌ 19ን መጠበቅ ሊኖርበት ነው፤ ያኔ ደግሞ ክረምት ነው፣ ሕዝቡም እንደ ታኅሣሡ አይደለም። ይህን ለማወቅ ነጋዴ መሆን አያሻም፤ ድሬዳዋ መኖር ይበቃል። ታኅሣሥ ሲጋመስ አልጋ ይጠፋል፣ የሻሂ ቤት ወንበር ይጠፋል፣ በቀፊራም በከዚራም ሰው ሻንጣውን ታቅፎ ይታያል።

መጽሐፉን የጻፍነው ሁለት ሆነን ነው። ወዳጄ የመልካ ጀብዱ ልጅ ነው፤ ወደ ሁርሶ መውጫ፣ ጥላ ከሰው በላይ በሚወደድበት ሰፈር ያደገ። ሙስሊም ነው። ለዓመታት በሚኒባስ የቁልቢን ተጓዥ የደንገጎን ዳገት ሲያወጣ ስለኖረ፣ ስለ ጉዞው ከእኔ ከክርስቲያኑ ይልቅ እሱ ያውቃል። እኔ የማውቀው ቅዳሴውንና ማኅሌቱን ነው። እሱ የሚያውቀው ሰው ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ የሚናዘዘውን ነው፤ ማን ልጅ እንደለመነ፣ ማን ለቪዛ እንደተሳለ፣ ማን ባለፈው ዓመት የተሳለውን ጃንጥላ ሳያስገባ ቀርቶ ዘንድሮ እያፈረ እንደሚሄድ። «አንተ ደግሞ ምን አገባህ?» ሲሉት መልሱ አንድ ነው፦ «ጅብሪል እኮ ነው አቦ! ለእናንተ ብቻ ማን ሰጣችሁ?» እውነቱን ነው። ቁልቢ ስለት ይዞ የሚወጣ ሙስሊም ለድሬ ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

ሙግታችን የጀመረው ታሪኩ ላይ ስንደርስ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ራስ መኰንን እንዳሠሩት ተስማማን። ግን ራስ መኰንን ሐረርጌን ሊገዙ የቻሉት አፄ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂን ድል ስላደረጉ ነው፤ ጨለንቆ ደግሞ የቁልቢ ጎረቤት ናት። እኔ «ድል» ብዬ የጻፍኩትን ወዳጄ ሰርዞ «እልቂት» ብሎ መለሰልኝ። አያቶቹ የነገሩት እንደዚያ ነው። እኔም መልሼ ሰረዝኩ። በመጨረሻ ዓመተ ምሕረቱንና የሁለቱን ሰዎች ስም ብቻ አስቀመጥን። አንባቢ የቀረውን ከየቤቱ ይሙላ። አሁንም የመጽሐፉ ምርጡ ገጽ እሱ ይመስለኛል፤ ያልጨመርንበት ገጽ ስለሆነ።

ገንዘቡ ከእቁብ ወጣ። ማተሚያ ቤት ፍለጋ አዲስ አበባ ስንሄድ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አባትየው ራስ መኰንን ቁልቢን አሠሩ፤ ልጃቸው ተፈሪ ደግሞ በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን አቋቋሙ። አባትና ልጅ ሥራውን ለእኛ ያመቻቹልን መስሎኝ ነበር። ኪሳችን ግን ወደ ሌላ ደጅ፣ ስሙን ወደማልጠራው አንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት መራን። ወረቀት «ዛሬ ጨምሯል» አሉን፤ በማግሥቱም ዛሬ ነበር። ጀርባው ላይ የብሩን ዋጋ አትመን ስናበቃ ወዳጄ «በውጭ አገር 20 ዶላር» ይጨመር ብሎ ድርቅ አለ። ውጭ አገር ማን ሊሸጥልን ነው? «ሁሉም ይጽፈዋል» አለ። ጻፍነው። የምስጋናው ገጽም ከመቅድሙ ረዘመ፤ እቁብተኛው በሙሉ ስሙን ፈልጎ ነበር።

ማተሚያ ቤቱ ቀጠረ፣ አዛወረ፣ ማሽን ተበላሸ አለ፣ መብራት ሄደ አለ። መጽሐፉ አይሱዙ ላይ ሲጫን በዓሉ ደርሶ ነበር። መድረሻው የወዳጄ ቤት ነው፤ ኪራይ የማይጠየቅበት ክፍል ያለው እዚያ ብቻ ስለሆነ። ስልክ አይሠራም። የታኅሣሥ 18ን ቀን መልካ ጀብዱ ላይ መንገድ መንገድ ስናይ ዋልን።

መኪናው ማታ ደረሰ። ሾፌሩ ፊቱ በርቷል። «ይቅርታ፣ ቁልቢ ላይ ቆይቼ ነው። ስለት ነበረብኝ፣ ሻማ አስገባሁ።»

ከአዲስ አበባ የሚመጣ መኪና ጨለንቆን አልፎ፣ ቁልቢን አልፎ፣ በደንገጎ ወርዶ ነው ድሬ የሚገባው። መጽሐፋችን ከነገዢዎቹ ጋር አንድ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ከዚያ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ተጉዞ እኛ ዘንድ መጣ።

«ለምን እዚያው አላወረድከውም?» አለው ወዳጄ።

«ወረቀቱ መልካ ጀብዱ ነው የሚለው።»

በሌሊት የቻልነውን ያህል እሽግ ሚኒባሱ ላይ ጭነን ያንኑ መንገድ ወደ ላይ ተመለስን። ከቁልቢ ወዲህ ማዶ መኪና ታግዷል፤ ሕዝቡ በእግሩ ይተማል። እሽጉን በገመድ ጀርባችን ላይ አስረን ተቀላቀልን። የድሬን ሙቀት ለምዶ የመጣ ሰው የቁልቢ ንጋት አጥንቱ ድረስ ይዘልቀዋል፤ እኛን ግን አልበረደንም።

በዙሪያችን ድንጋይ ተሸክመው የሚወጡ ስለተኞች አሉ። ጎንበስ ብለን፣ እያለከለክን ስንወጣ ማን ይለየናል? ሰው መንገድ ይለቅልን ጀመር። አንዲት እናት ውኃ አቀበሉን። «ልጆቼ፣ ምን አድርጎላችሁ ነው?» አሉ። ወዳጄ ትንፋሹን ሰብስቦ «ገና አላደረገልንም እማማ» አላቸው። አልቅሰው መረቁን። መጽሐፍ ነው፣ ይግዙን ለማለት ማን አፍ አለው?

እዚያ ሕዝብ መሐል መጽሐፍ መሸጥ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ደጁ ጋ ስንደርስ ነው። የሁሉም እጅ ተይዟል፤ ጧፍ፣ ጃንጥላ፣ ምንጣፍ፣ ክርስትና የሚነሣ ሕፃን። ኪሱ ውስጥ ያለው ብርም ከቤት ሲወጣ ጀምሮ የመልአኩ ነው። ጥቂት ተማሪዎች ገለጥ ገለጥ አደረጉ፤ አንዱ የምስጋናውን ገጽ አንብቦ ጨርሶ መለሰልን።

ከዚያ አንድ ደግ ጎልማሳ ደክሞን ቁጭ ማለታችንን አየ። «በረከቱን አካፍሉኝ» ብሎ አንዱን ትልቅ እሽግ ብድግ አድርጎ ሕዝቡ ውስጥ ገባ። ስንጮህ እልልታው ዋጠን። ስንደርስበት እሽጉን ስለት መቀበያው ጋ አስረክቦ፣ ላቡን እየጠረገ ይጠብቀናል። ደረሰኝ ሰጠኝ። በእኔ ስም ማስመዝገብ አልቻለም፤ ስሜን አያውቅም። «አንድ ምእመን» ይላል።

እኔ ሄጄ አስረድቼ ላስመልስ ተነሣሁ። እጄን የያዘኝ ወዳጄ ነው።

«ለጅብሪል የገባ አይመለስም።»

«ግማሹ እኮ ያንተ ገንዘብ ነው!»

«ወላሂ አይመለስም። ደንገጎን ዘንድሮም ልወርድበት ነው፣ አንተ።»

የቀረው መልካ ጀብዱ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀመጠ። ሙቀቱ የጥራዙን ሙጫ ስላላላው ገጹ በየተራ ይወጣል፤ ጎረቤት ለማንበብ ሲዋስ የሚመቸውን ምዕራፍ ብቻ ይወስዳል። ጨለንቆ ያለበት ገጽ ከሁሉ ቀድሞ አለቀ፤ ማን እንደወሰደው አልተነገረንም።

ወዳጄ ግን አልቦዘነም። አሁን የያዘው የባሌውን ድሬ ሼህ ሁሴንን ነው። አያቱ ጫፉ ባላ የሆነውን የስለተኛ በትር ይዘው በእግራቸው ደርሰው የመጡበት ቦታ ነው፤ የነገሩት ሁሉ ትዝ ይለዋል፣ እኔ መጻፍ ብቻ ነው የሚቀረኝ። እቁቡም ሊወጣ ነው አለኝ። ጥያቄ ካለኝ እንድጠይቀው ፈቀደልኝ፤ አንድ ብቻ ጠየቅኩት፣ የጭነት መኪናው በየት በኩል እንደሚያልፍ።