ከማይጨው በኋላ የተወለደችው የማይጨው ሽጉጥ

ካፋ ውስጥ፣ ደካ ከአንድ ባለጸጋ ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። ቡናው የጫካ ነው፤ ማሩም ከዛፍ ላይ ቀፎ የወረደ። ጋሼ የጠሩኝ ግን ለሁለቱም አልነበረም። ሁለተኛው ሲኒ ሲቀዳ ብድግ ብለው ወደ ጓዳ ገቡና አንድ ጥቅል ታቅፈው ተመለሱ። ቀይ ከፋዩ ሲገለጥ ቅባት የጠገበች ሽጉጥ ብልጭ አለች።

«ቤሬታ ናት» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ታቦት የሚጠሩ ይመስል። «አባቴ ማይጨው ላይ ከጣሊያን መኮንን እጅ የማረካት።»

እሰየው! በራስ ጌታቸው አባተ የሚመራው የካፋ ጦር ማይጨው መዝመቱ የታወቀ ነው። እጄን ጠራርጌ ተቀበልኳት። ጎኗ ላይ የፋብሪካው ስም፣ ሞዴል 1934፣ 9 ሚሊሜትር አጭር ተብሎ ተቀርጿል። ከዚያ 1941፤ አጠገቡም በሮማውያን ቁጥር 19። ሙሶሎኒ የክርስቶስ ልደት አልበቃው ብሎ ዘመንን እሱ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ያስቆጥር ነበርና ሽጉጡም ላይ ያንኑ አስቀርጿል።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። በፈረንጅ 1941 በእኛ 1933 ነው። የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን 1928 ነበር። ጣሊያን ሰኔ 3 ቀን 1932 ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ሲከፍት ደግሞ የስዊዝ ቦይ ተዘጋበት፤ እዚህ ላለው ሠራዊቱ ትጥቅ የሚመጣበት የባሕር መንገድ ተቆረጠ። ስለዚህ የጋሼ አባት ገና ያልተሠራችን ሽጉጥ አምስት ዓመት ቀድመው ማርከዋል። ጣሊያንን የማረከ ጀግና ብዙ ነው፤ መጪውን ዘመን የማረከ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

ይህን አልነገርኳቸውም። ሳልጠይቃቸው የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፦ «አምና ደላላው ለሌላ ሰው ሊሰጥብኝ ሲል ሁለት በሬ ሸጬ አተረፍኳት።» አባት በደሙ የማረካትን ልጅ በበሬ ሲገዛት አየሁ፤ በሰው ወርቅ አይደምቁ ያለው ሰው ደካን ሳያይ ሞተ።

ሰብሳቢ ለመሆን ለምትመኙ ከዚያ ቤት የቀሰምኩትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ፣ ዕቃው «ኦሪጅናል» ይሁን፤ ኦሪጅናልነቱን የሚመሰክረው የሚሸጠው ሰው ነው። ቀጥሎ፣ አርበኛ አባት ወይም አያት ያስፈልጋል። የሌለው አይጨነቅ፣ ደላላው ከሽጉጡ ጋር አብሮ ይሸጣል። በመጨረሻም፣ አባቶች በእርግጥ የተዋጉባቸውን ውጅግራ፣ ወጨፎና ምንሽር አትንኩ። እነሱ ረጅም ናቸው፣ ዝገዋል፣ ከፋይ አይበቃቸውም። ክብር የሚገባው የወራሪው መኮንን ወገቡ ላይ ያንጠለጠላት ናት።

እውነተኛዋ ከተገኘች ደግሞ ደስታው እጥፍ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 በጭፍጨፋው ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ማን ላይ ተተኮሰች ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ቢመጣ፣ ቡናው ቶሎ ይቀዳለት።

ሰብሳቢነቱ እርግጥ አዲስ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ ራሳቸውን የገደሉባትን፣ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የላከችላቸውን ሽጉጥ የእንግሊዝ ወታደሮች እንደ ብርቅ ዕቃ ወስደዋታል። ያንን ዘረፋ እንላለን፤ የእኛው ግን ቅርስ ጥበቃ ነው።

ቅርስ ከተባለ ካፋ ሞልቶታል። ነገሥታቱ አገራቸውን ያጠሩበት ጥልቅ የመከላከያ ቦይ አለ። ንጉሡ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 እስኪማረኩ ድረስ ወገኖቻቸው ባለጠመንጃውን ጦር ለወራት የተቋቋሙት በአብዛኛው በጦርና በጋሻ ነው። ነገር ግን ቦይ በከፋይ አይጠቀለል፣ እንግዳ ፊት አይወለወል፣ ደላላም አይሻማበት። ስለዚህ ሰብሳቢ የለውም።

ልሰናበት ስል የጋሼ የልጅ ልጅ፣ ስድስት ዓመት ቢሞላው ነው፣ ከጠረጴዛው ላይ ሽጉጧን አንሥቶ ወደ እኔ ደገነ። «አይዞህ፣ ባዶ ናት» አሉኝ ጋሼ እየሳቁ። ቀስ ብዬ ከእጁ ወሰድኳትና ካዝናዋን ሳብኩት። ሰባት ጥይት ከሚይዘው ካዝና ውስጥ ሦስት ተደርድሯል። ከዚያች ሽጉጥ ኦሪጅናል ሆኖ ያገኘሁት እነዚህን ብቻ ነው።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ ለከፋይም ለአባት ስምም የተለየ አንቀጽ የለውም። ጋሼ፣ ቅርስ ናት ካሉ ለሙዚየም ይስጧት። መሣሪያ ናት ካሉ ለፖሊስ ያስረክቧት። ሁለቱንም ካልፈለጉ ግን ቢያንስ ልጁ ከማይደርስበት ያርቋት፤ እሱ ማይጨው አልዘመተም።