ምንጭ ያልተጠቀሰለት ዜማ

በመዝገበ ዕውቀት አዘጋጆች ላይ የሚወርደው ሐሜት ልክ አጥቷል። ቀን ከሌት፣ ያለ ደመወዝ፣ መዝገቡን ከእንክርዳድ የሚጠብቁ ሰዎች አንድ ቀን እንኳ «እግዜር ይስጥልን» ተብለው አያውቁም። ስለዚህ ዛሬ እኔ ላመስግናቸው። የማመሰግንበት ጉዳይ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» ነው፤ በቀዳም ሥዑር ካህናቱ ለምለም ቄጤማ አስይዘው፣ ቃጭል እያቃጨሉ፣ በየደጁ እየዞሩ የትንሣኤውን ብሥራት የሚያሰሙበት ዜማ። ይህ ዜማ በመዝገቡ ውስጥ የራሱ ርእስ ይገባዋል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ የጠንቃቃ አዘጋጅ መልስ «አይገባውም» ነው። ሰሎሞን እንኳ ሕፃኑን ክፈሉት ከማለቱ በፊት ሴቶቹን አነጋግሯል፤ የኛ አዘጋጅ ግን በዚህ ዓይነት ነገር ጊዜ አያጠፋም።

ሕጉ ግልጽ ነው። አንድ ነገር በመዝገቡ ቦታ የሚያገኘው ከእሱ ጋር ንክኪ የሌላቸው፣ የታመኑ፣ ታትመው የወጡ ጽሑፎች ሰፋ አድርገው ሲያወሱት ነው። ይህ ሕግ የተበጀው የራሱን ድርጅት ሊያሞግስ የሚመጣን ነጋዴና የራሱን ገድል ራሱ የሚጽፍን ጀግና ከደጅ ለመመለስ ነበር። ደግ ሕግ ነው። ደግ ሕግ ለአንድ ጥፋት ብቻ ተወስኖ ሲቀር ደግሞ ያሳዝናል፤ እናም በዜማም ላይ ዋለ።

እንግዲህ ምስክር እንጥራ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ 43.5 በመቶው፣ ማለትም 32 ሚሊዮን ያህል ሰው፣ የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ ነበር። ላላዋቂ ይህ ብዙ ምስክር ይመስላል። አዘጋጁ ግን ከመካከላቸው አንድም አላገኘም፤ ሁሉም ባለጉዳዮች ናቸውና። ዜማውን የሚያውቅ ሰው ዜማው ደጁ ድረስ መጥቶለታል፤ ቄጤማ ተቀብሏል፤ ይባስ ብሎ ለካህኑ ብር ሰጥቷል። ገንዘብ ከነካ ምስክር ምን ይጠበቃል? ከአጥር ወዲያ ያለው ሙስሊም ጎረቤት በየዓመቱ ቃጭሉን ይሰማል፤ እሱ ባለጉዳይ አይደለም፤ ግን እሱም ያሳተመው ነገር የለም። ፍጹም ገለልተኛ ምስክር የሚሆነው ዜማውን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ስለማያውቀው አልጻፈበትም። እንዲህ ሆኖ ማንም ሳይበደል ነገሩ በራሱ ይዘጋል።

አዘጋጁ ይህን የሚያደርገው ልቡ ደንድኖ እንዳይመስላችሁ። ቀዳም ሥዑር ዕለት እናቱ ቤት ነው። ሽንኩርቱ ከጠዋት ጀምሮ ይቁላላል፤ ዶሮው ገና አልተበለተም። ቃጭሉ ከወደ ታች ሰፈር ሲሰማ እናቱ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው፣ ነጠላቸውን ብድግ አድርገው ይወጣሉ። ቄሱ ጥላቸውን ዘርግተው፣ ዲያቆኑ የቄጤማውን እስር በክንዱ ታቅፎ፣ በር ላይ ያዜማሉ። እናት መስቀሉን ተሳልመው፣ ቄጤማቸውን ተቀብለው ይገባሉ፤ አንዱን ዘለላ በጥፍራቸው ሰንጥቀው በልጃቸው ግንባር ዙሪያ ያስራሉ። ልጁ አይቃወምም። ኮምፒዩተሩን ከጭኑ ሳያወርድ ራሱን ዘንበል ያደርግላቸዋል።

«እማዬ፣ ይሄን ዜማ ከማን ሰማሽው?»

«ከማን እሰማዋለሁ? እናቴ ቤት እያለሁ ነዋ።»

«አያቴ ስለሱ የጻፈችው ነገር አለ?»

«ኧረ እሷቴ ፊደልም አልቆጠረች! ምነው፣ ምን ሆንክ?»

«ብትጽፍም ያው ናት፤ ዘመድ ናት» አላቸው። ቄጤማው ዓይኑ ላይ ሲወርድበት ወደ ላይ ገፋ አደረገና «ምንጭ ያስፈልገዋል» ብሎ ጻፈ።

እኔ ብሆን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መጽሐፍ የለም ወይ የሚል አይጠፋም። አለ። ዜማው ሁሉ በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገብረ መስቀል ጊዜ ከነበረው ከቅዱስ ያሬድ ይቆጠራል። ያሬድ ሲያዜም ንጉሡ በጦሩ እግሩን ወግቶት ሁለቱም አላስተዋሉም ይላል ትውፊቱ፤ በገዛ እግራቸው ሥር የሆነውን ያላዩ ሰዎች ለየትኛው ምስክርነት ይበቃሉ? በ16ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ከቃላት የተቀነጨቡ ፊደላትን ከንባቡ በላይ እያኖሩ ለድጓው ምልክት አበጁለት። ጋይንት፣ ቤተልሔም ድረስ ሄዶ ድጓ የሚያስመሰክር ተማሪ ዓመታት ይፈጅበታል፤ አኩፋዳውን አንግቶ ቁራሽ እየለመነ፣ ከመንደር ውሻ ጋር እየታገለ፣ ግዕዙን ከዕዝሉ፣ ዕዝሉን ከአራራዩ ይለያል። ያ ሁሉ ድካም ግን የተጻፈው በብራና ነው፤ ብራና አሳታሚ የለውም። መምህሩማ ሁሉን በቃሉ ያውቀዋል። እንዳለመታደል ሆኖ መምህሩ «ቀዳማዊ ምንጭ» የሚባለው ሰው ነው፤ ይኸውም ነገሩን ከሁሉ አብልጦ የሚያውቅ፣ በዚሁም ምክንያት የማይጠየቅ ማለት ነው።

ተስፋው ፈጽሞ አልጨለመም። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1798 ግብፅን ሲወር ካስከተላቸው ምሁራን አንዱ፣ ቪሎቶ የተባለ ሙዚቀኛ፣ ካይሮ ላይ ከኢትዮጵያውያን ካህናት ዜማ እያዳመጠ በአውሮፓ ኖታ ጽፏል። ከዚያ በፊት የነበረውን ሁሉ እንደ ልምምድ ልንቆጥረው እንችላለን። ኬይ ሸለመይና ፒተር ጄፍሪም የኢትዮጵያን የቤተ ክርስቲያን ዜማ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ አሳትመዋል። ሐምቡርግ ላይ የተዘጋጀው «ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ»ም እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 ድረስ በአምስት ትላልቅ ቅጾች ወጥቷል። ከዚህ የምንማረው ሥራ አለ። ካህናቱ ለከርሞ ሲዞሩ ፈረንጅ ካለበት ግቢ ቢጀምሩ ይመከራል፤ ፈረንጁ ማስታወሻ ደብተር አውጥቶ ከታየ ሁለት ጊዜ ያዚሙለት።

እስከዚያው ድረስ አዘጋጁ የማስታረቂያ ሐሳብ አቅርቧል። ቄጤማ የራሱ ርእስ ይኑረው፤ ዜማው በቄጤማ ሥር አንድ መስመር ይሰጠው። ቄጤማ ረግረግ ላይ በቅሎ ይታያል፤ የላቲን ስም አለው፤ የላቲን ስም ያለው ዕፅ ደግሞ ያለ ብዙ ክርክር ይመዘገባል። ካህናቱ ቄጤማውን የሚያድሉት የኖኅ ርግብ የጥፋት ውኃ መጉደሉን በለምለም ቅጠል ስላበሠረች፣ የዚያ ምሳሌ እንዲሆን ነው። በአዲሱ ስምምነት ሣሩ በገዛ መብቱ ይገባል፤ ብሥራቱ በሣሩ ጥገኝነት ያገኛል። እንደዚህ ያለ ሽምግልና ለሰፈር ዕድርም አልተሳካ።

መዝገቡ ጠባብ ነው የሚሉ ሰዎች ግን ውሸታቸውን ነው። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ በአንድ ወቅት ፖኬሞን ከሚባለው የልጆች ጨዋታ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ፍጡር የየራሱ ገጽ ነበረው። ስቬርከር ዮሐንሶን የተባለ ስዊድናዊ የሠራው ፕሮግራም ደግሞ ሰው እጁን ሳያስገባ ሚሊዮን በሚሊዮን ገጽ ጽፏል፤ በፊሊፒንስ የሚነገረው የሴብዋኖ ቋንቋ ውክፔዲያ በዚሁ ብርታት ከ5 ሚሊዮን ገጽ በላይ ሊይዝ በቅቷል፤ የሚበዛው ስለ ኮረብታ፣ ስለ ጅረትና ስለ ነፍሳት ነው። ይህ ትክክል ነው። ኮረብታ ደጅ አይዞርም፤ ብር አይቀበልም፤ ስለ ኮረብታው የሚጽፈው ፕሮግራምም ኮረብታውን አይቶት ስለማያውቅ በፍቅር አይታማም።

የዚህ ሁሉ ጥበብ አባት ግን፣ እኔ እንደማምነው፣ እንግሊዛዊው ጆን ዌስሊ ነው። ወንድሙ ቻርልስ እ.ኤ.አ. በ1739 አንድ የትንሣኤ መዝሙር አሳተመ። ዛሬ እንግሊዝኛ በሚዘመርባቸው ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ያ መዝሙር ካልተዘመረ ፋሲካ የዋለ አይመስልም። ጆን በ1780 ለሜቶዲስቶች 525 መዝሙራት ያሉት ትልቅ መድበል ሲያዘጋጅ፣ ከውስጡ የሚበዛውን ከወንድሙ ወስዶ፣ ይህችን አንዷን ግን ተዋት። ቻርልስ በ1788 ሞተ። ጆን በ1791 ተከተለው። መዝሙሩ ወደ መድበሉ የገባው ከዚያ በኋላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የሚዘመርበት የታወቀው ዜማም በ1708 ለንደን ላይ ከታተመ መጽሐፍ የተገኘ ሲሆን ደራሲው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ማለትም በመላው ታሪክ ውስጥ ንክኪ የሌለበት እሱ ብቻ ነው። ወንድምነት ሳይበግረው፣ ባለጉዳዮቹ ተጠቃለው እስኪቀበሩ ድረስ መዝሙሩን ከደጅ ያቆየ ሰው ሐውልት ቢቆምለት አይበዛበትም።

አሁን የቀረው ዜማው የሚያበሥረው ነገር ራሱ ነው፤ ጠንቃቃ አዘጋጅ እዚያም መድረሱ አይቀርም። ወደ መቃብሩ ሽቶ ይዘው የገሠገሡት ሴቶች ወዳጆች ናቸው፤ ከፋሲካ በኋላ ያለችው ቅዳሜ «ቅዱሳት አንስት» ተብላ በስማቸው መጠራቷ ነገሩን ያባብሰዋል። ጴጥሮስና ዮሐንስ የታወቁ ደቀ መዛሙርት ናቸው። ቶማስ ጥሩ ጀምሮ ነበር፤ ካላየሁ፣ ካልዳሰስሁ ብሎ ምንጭ ጠየቀ፤ ባየ ጊዜ ግን አመነና ገለልተኝነቱን በገዛ እጁ አበላሸ። በስሙ የምትጠራዋን የፋሲካ ማግስት ሳምንት ማክሰኞ አግኝቶበታል። ስለዚህ የሚቀሩት የመቃብሩ ጠባቂዎች ናቸው። ከማኅበሩ አይደሉም፤ በቦታው ነበሩ፤ የመንግሥት ሰዎች ናቸው፤ ሌሊት ተኝተን ሳለን ደቀ መዛሙርቱ ሰረቁት የሚል መግለጫም ሰጥተዋል። እርግጥ ማቴዎስ ይህን ያሉት ከካህናት አለቆች ብዙ ገንዘብ ተቀብለው ነው ይላል፤ ማቴዎስም ግን ባለጉዳይ ነው።