ሦስት ባለጉዳይና አንድ ሽማግሌ

ኧረ ጉድ! ሲሪንቃ ተወልጄ፣ ማሽላ አርሼ፣ አቀንጭራን ስረግም አርጅቼ፣ አሁን በስተርጅና የዓሣ እረኛ ልሁን?

የልጅ ልጄ ነው ያመጣብኝ። ጓሮዬ ውስጥ በርሜል ደረደረ፤ ባንዱ ቆሮሶ፣ በሌላው ጠጠር ላይ ሰላጣና ቆስጣ። የዓሣው ውሃ አትክልቱን ያበላል፣ አትክልቱም አጥርቶ ይመልሰዋል አለኝ። ከዚያ ወልድያ ሥራ ገባና የፒኤች መለኪያውን ጥሎልኝ ሄደ፤ ፒኤች የውሃው ኮምጣጣነት ቁጥር ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ውሃው ኮመጠጠ ማለት ነው። «አባየ፣ ፒኤቹን ብቻ ይጠብቁ» አለ።

ብቻ! ይቺ «ብቻ» ናት የጨረሰችኝ። አትክልቱ ውሃው ወደ 6 ወረድ ቢልለት ይወዳል። ውሃው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ከ7 በላይ ካልሆነ በደንብ አንሠራም ይላሉ። ቆሮሶው ቻይ ነው፣ እስከ 9 ድረስ አያጉረመርምም። እኔ መሐል ተቀምጬ 7 አካባቢ አስታርቃለሁ፤ ሁሉም ቅር እንዳለው ይሄዳል። በሰው ሽምግልና እንኳ ቢያንስ ቡና ይፈላል።

ዕርቁ ደግሞ አያድርም። ባክቴሪያው የዓሣውን አሞኒያ ወደ ናይትሬት ሲለውጥ አሲድ ይለቃል። ሥራው በሠመረ ቁጥር ውሃው ይኮመጥጣል ማለት ነው፣ ይኼ የት አገር ሕግ ነው? ከ6 በታች ከወረደ ባክቴሪያው ሥራ ይፈታል፣ አሞኒያውም ይጠራቀማል። ከ7.5 በላይ ከወጣ ብረቱ ውሃው ውስጥ እያለ የአትክልቱ ሥር አያገኘውም፣ ለጋው ቅጠል ቢጫ ይሆናል፤ የአሞኒያውም መርዝነት በዓሣው ላይ ይብሳል። ቁጥሩም ቢሆን ያታልላል፤ ከ7 ወደ 6 ሲወርድ አሲዱ የሚጨምረው በ10 እጥፍ ነው። መርሳ ገበያ እንዲህ ቢቆጠር ስንቱ በተደባደበ!

መካሪ ደግሞ አይጠፋም። አንዱ «ሎሚ ጭመቅበት» ይላል፤ ሎሚ ባክቴሪያውንም ይጎዳል። ሌላው «ኖራ ድፋበት» ይላል። ኖራስ የኮመጠጠ ውሃ መድኃኒት ነው፣ ግን አንዴ ከደፉት ቁጥሩ ይዘልና ዓሣው ይደነግጣል። በውሃ በጥብጦ፣ በቁንጥጫ፣ እየለኩ በየቀኑ ነው እንጂ።

የሲሪንቃ እርሻ ምርምር ማዕከል ጎረቤታችን ነው፤ ስንት የማሽላ ዝርያ ወጣበት። አንድም ማሽላ «ውሃዬ ዛሬ ስንት ነው?» ብሎ ከእንቅልፍ አልቀሰቀሰኝም። ሐይቅ የሚባለው ሐይቅም ሩቅ አይደለም። እዚያ ቆሮሶ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ተለቀቀ፤ ውሃው ከ8 በላይ ሆኖ ማንም ጠብታ ሳያንጠባጥብበት ይራባል።

የልጅ ልጅ ያላችሁ፣ በርሜሉ ጓሮ ሳይገባ መለኪያውን ማን እንደሚይዝ ቁርጡን ጠይቁ።