የእርምጃ ቆጠራ ሥርዓትና ደንቡ

የእርምጃ ቆጠራ ማለት አንድ ሰው በቀን ስንት ጊዜ እግሩን እንዳነሣ በእጅ ሰዓት ወይም በስልክ የሚመዘገብበት፣ ውጤቱም ለወዳጅ ዘመድ በቴሌግራም የሚላክበት የጤና አጠባበቅ ዘዴ ነው። በአዲስ አበባ በተለይ ቦሌና ሲኤምሲ አካባቢ በብዛት ይታያል። ዓላማው ቦርጭን ማጥፋት ሲሆን እስካሁን ያለ ጥርጥር ያጠፋው የሰዓቱን ባትሪ ነው።

የሥርዓቱ ዐቢይ ቁጥር 10,000 ነው። ከዚህ በታች የተራመደ እንደ ተኛ ይታሰባል። የቁጥሩ አመጣጥ ሲመረመር የሚገኘው ሐኪም ቤት ሳይሆን ሱቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ኦሊምፒክን ስታዘጋጅ በጃፓን የአካል ብቃት ወሬ ገነነ፤ በዓመቱ ያማሳ የተባለ ኩባንያ በወገብ ላይ የሚንጠለጠል የእርምጃ መቁጠሪያ ለገበያ አቀረበና ማንፖኬይ፣ ማለትም የ10,000 እርምጃ መለኪያ፣ ብሎ ሰየመው። ክብ ቁጥር ለማስታወስም ለመሸጥም ይመቻል። ምርምሩ ዘግይቶ ነው የደረሰው፦ እ.ኤ.አ. በ2019 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ዕድሜያቸው በአማካይ 72 ዓመት የሆነ ከ16,000 በላይ ሴቶችን ተከታትለው፣ በቀን 4,400 ያህል የሚራመዱት 2,700 ያህል ከሚራመዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው ያነሰ እንደሆነ፣ ከ7,500 በኋላ ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም እንደማይታይ አገኙ። እርምጃ ቆጣሪው ሰው ይህን ቢሰማም ግቡን አይቀንስም፤ ሰዓቱ ርችት የሚተኩሰው 10,000 ላይ ነዋ።

በዚያው በቶኪዮ ኦሊምፒክ አበበ ቢቂላ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል፤ ሌሎቹ እስኪደርሱም ሳሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታይቷል። ስንት እርምጃ እንደ ረገጠ ግን መዝገብ የለም። በዛሬው ደንብ የእጅ ሰዓት ያላጸደቀው ሩጫ ስለሆነ ጉዳዩ ተጣርቶ መታየት ይኖርበታል።

የቀኑ ቁጥር የሚሟላበት አካሄድ የታወቀ ነው። ቆጣሪው ማለዳ ከቤቱ እስከ ጂም ያለችውን ጥቂት መቶ ሜትር በመኪና ይሄዳል፤ የእግረኛው መንገድ መኪና ቆሞበት አያሳልፍም። ከቆሙት አንዱ የእርሱ ነው። በሊፍት ሦስተኛ ፎቅ ይወጣና ገንዘብ ከፍሎ በመሮጫ ማሽን ላይ የትም ሳይደርስ ይራመዳል። ቀን ከወንበር አይነሣም። ሰዓቱ ሂሳብ የሚዘጋው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ ከ5 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከሶፋው እስከ ቴሌቪዥኑ እየተመላለሰ የጎደለውን ያሟላል፤ የታች ቤት ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ቢመታም አያቆምም።

በእጅ አንጓ ላይ ያለው መሣሪያ የሚያየው እግርን ሳይሆን የእጅን መወዛወዝ ነው። ስለዚህ ቡና የሚወቅጥ፣ በዝማሬ የሚያጨበጭብ፣ በስልክ እየተቆጣ እጁን የሚያወናጭፍ ሰው ሳይነሣ ሊራመድ ይችላል። በአንጻሩ ከእንጦጦ እንጨት አዝለው ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶች ገመዱን ደረታቸው ላይ ጨብጠው ስለሚይዙ እጃቸው አይወዛወዝም፤ ሰዓቱ ቢታሰርላቸው እንኳ አብዛኛው መንገዳቸው ሳይቆጠር ይቀር ነበር። በሥርዓቱ መለኪያ እነርሱ እንቅስቃሴ የሚያንሳቸው የኅብረተሰብ ክፍል ናቸው ማለት ነው።

ካሎሪ ላይ መሣሪያው ይበልጥ ነፃነት ይሰማዋል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ሰባት ዓይነት መሣሪያዎችን ሲፈትሹ፣ አብዛኞቹ የልብ ምትን ደኅና ቢለኩም የተቃጠለውን ካሎሪ ከሁሉ የተሻለው 27 በመቶ፣ የባሰው 93 በመቶ ያህል ሲስቱ ተገኝተዋል። ይህን አምኖ ከጂም በቀጥታ ክትፎ ቤት የሚገባ ሰው ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ መዝገቡ ፈቅዶለታል።

የተበላውን መመዝገብ ከባድ ነው። የስልኩ አፕ በርገርንና ፒዛን በግራም ያውቃል፤ አምስት ሰው ከአንድ ትሪ ሲቆርስ ግን ግራ ይገባዋል። የሽሮው ዘይት ስንት ማንኪያ ነው? ዳር ዳሩን የበላና መሐሉን የበላ እኩል ይጻፍባቸዋል? ጉርሻስ በማን ስም ይገባል? አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ቢያንስ ሁለት መመዝገብ ግድ ነው። ብዙዎች ችግሩን የሚፈቱት ሰላጣ የበሉበትን ቀን ብቻ በመመዝገብ ነው።

ከዚህ ሁሉ የረቀቀው በሰዓት መጾም ነው። 16 ሰዓት ሆድ ባዶ ይቆይና በቀሩት 8 ሰዓታት ይበላል፤ መጀመሪያውንና መጨረሻውን የሚያበሥረው አፕ በየወሩ በዶላር ይከፈልበታል። የቆጣሪው እናት ሁዳዴን 55 ቀን ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ርቀው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ሲጾሙ ኖረዋል። ልጃቸው ግን ሲያዩት «ከሳህ ልጄ፣ ምነው አመመህ?» ስለሚሉት ስለ ጤና እንደማያውቁ ተረድቶ አዲሱን ግኝት ያስተምራቸዋል።

ሸመታውም በዚሁ ጥበብ ይመራል። ከነገለፈቱ የሚፈጨውና ግሉተን የሌለበት ጤፍ በአሜሪካና በአውሮፓ በጤና ምግብ መደብሮች በውድ ይሸጣል፤ ስለዚህ የአዲስ አበባው ቆጣሪ እንጀራ ትቶ ባሕር አቋርጦ የመጣ ኦትስ ይበላል። አጃ በአገሩም ይበቅላል፤ ግን እርሱ የአራስ አጥሚት ነው፣ ካርቶኑም ላይ ፈገግ ያለ ሰው ሥዕል የለበትም። ለኦሜጋ 3 የመካከለኛው አሜሪካው ቺያ በትንሽ ከረጢት ይገዛል፤ ያው ኦሜጋ 3 ያለበት ተልባ መርካቶ በጣሳ ስለሚሰፈር አያጓጓም።

ውጤቱን በተመለከተ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 470 ያህል ወጣቶችን ሁለት ዓመት ተከታተሉ፤ ሁሉም የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ምክር ሲያገኙ ገሚሶቹ መሣሪያ ታሰረላቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ውጤት መሣሪያ ያልታሰረላቸው በአማካይ 5.9 ኪሎ፣ የታሰረላቸው 3.5 ኪሎ ቀንሰዋል። ልዩነቱ ከሰዓቱ ክብደት የመጣ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በሥራ ቦታ የሚደረገውን፣ የቤት ውስጥ ሥራንና በእግር መጓዝንም እንደ እንቅስቃሴ ይቀበላል። ለዚህ የሚበቃ ሰዓት ግድግዳ ላይም ይሰቀላል።