ዋና አባት ከነማኅተሙ

በጎጃም ደጋ ያደገ ሰው በደም የሚወርድ የጣሊያን ዜግነት ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ጠበቃ መቅጠር አያስፈልገውም፤ ነገሩ ከሞላ ጎደል ርስት ነውና። ርስት፣ አንድን አገር መጀመሪያ ካቀና ሰው የተወለዱ ሁሉ፣ ትውልዱ የቱንም ያህል ቢርቅ፣ ሐረጋቸውን ቆጥረው ከመሬቱ ድርሻ የሚጠይቁበት ሥርዓት ሲሆን፣ አቅኚው ዋና አባት፣ ድርሻው የሚቆጠርባቸው ልጆቹ ደግሞ ምንዝር አባቶች ይባሉ ነበር። የጣሊያን ሕግም ለረጅም ዘመን ከዚህ የራቀ ነገር አልተናገረም፤ የጣሊያን መንግሥት ከቆመበት ከ1861 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በሕይወት የነበረ አንድ ጣሊያናዊ ዋና አባት ይሆን ነበር፣ በቦነስ አይረስ ወይም በሳኦ ፓውሎ የተወለደ የልጅ ልጅ ልጁ ሐረጉን ቆጥሮ ይመጣ ነበር፣ የሚካፈለው ግን መሬት ሳይሆን ፓስፖርት ነበር። እንዲያውም በአንድ ነገር ጎጃም ሮምን ቀድሟል፤ ርስት በእናትም በአባትም በኩል ሲቆጠር፣ የ1912ቱ (እ.ኤ.አ.) የጣሊያን የዜግነት ሕግ ግን ዜግነትን በመሠረቱ በአባት በኩል ያወረደ በመሆኑ፣ በመሥሪያ ቤቶቹ አሠራር ጣሊያናዊት እናት ዜግነቷን የምታወርሰው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1948 ወዲህ ለተወለደ ልጅ ብቻ ነው።

ሁለቱ ርስቶች የሚለያዩት በማስረጃቸው ነው። የጎጃም ርስት ማስረጃው በሽማግሌ አፍ ሲሆን፣ አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ያጠናውንና በ1973 (እ.ኤ.አ.) በመጽሐፍ ያሳተመውን የመሬት ይዞታ ጥናት ያነበበ እንደሚያውቀው፣ ተሟጋቹ ከዋና አባቱ እስከ ራሱ ያለውን ሐረግ በቃሉ ዘርዝሮ ያስረዳል፤ ሐረጉ ወደ ለም መሬት የሚያደርስ ሲሆን ሰባትና ስምንት ትውልድ ድረስ ጥርት ብሎ መታወሱ፣ ወደ ጭንጫ የሚያደርስ ሲሆን ደግሞ በሦስተኛው አያት ላይ መጥፋቱ፣ የሰው ልጅ ትዝታ ከጥቅሙ ጋር ያለውን ጥብቅ ዝምድና ከማሳየት በቀር የሚያስገርም አይደለም። የጣሊያን ማስረጃ ግን ወረቀት ነው። ኮሙኔ የሚባለው የጣሊያን ማዘጋጃ ቤት በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ከ1866 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን በመዝገብ ሲጽፍ የኖረ ሲሆን፣ የልደት መዝገቡ ቀኑ አልበቃ ብሎት ሕፃኑ የተወለደበትን ሰዓት፣ የአባትየውን ሥራና የምስክሮቹን ስም ጭምር ይይዝ ነበር፤ ያም ቢጠፋ ብሎ ሁለተኛ ቅጂ ለፍርድ ቤት ያስቀምጥ ነበር።

ስለዚህ አመልካቹ የሚያቀርበው ፋይል፣ የዋና አባቱን የልደት መዝገብ ግልባጭ የወላጆቹ ስም ተጠቅሶ ከኮሙኔው፣ ከዚያም እስከ አመልካቹ ድረስ የእያንዳንዱን ትውልድ የልደትና የጋብቻ ማስረጃ፣ በውጭ አገር የተጻፈውን ሁሉ በጣሊያንኛ ተተርጉሞና ተረጋግጦ የያዘ መሆን አለበት። በዚህ ላይ ዋና አባቱ ልጁ ከመወለዱ በፊት የሌላ አገር ዜግነት አለመውሰዱን የሚያስረዳ ደብዳቤ ይፈለጋል፤ ማለትም አንድ መሥሪያ ቤት መዝገቡን አገላብጦ፣ ያልሆነው ነገር አለመሆኑን በማኅተም እንዲያረጋግጥ ይጠየቃል። የሆነውን ነገር መሆኑን ለማስመስከር ሦስት ቀን የሚያመላልስ መዝገብ ቤት፣ ያልሆነውን ለማረጋገጥ ስንት ቀን እንደሚጠይቅ ማስላት ለሒሳብ ሊቃውንት የሚተው ነው።

ዋና አባቱ በወረራው ዘመን ጎጃም የገባ ጣሊያናዊ ወታደር በሆነ ጊዜ ደግሞ ማስረጃው ከኢትዮጵያም ይፈለጋል። በኢትዮጵያ በኩል ሲታይ፣ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ (ከዚህ በኋላ የአውሮፓ መሆኑ ካልተነገረ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው) የክብር መዝገብ ስለሚባለው፣ የሰው ልደት፣ ጋብቻና ሞት ስለሚጻፍበት መዝገብ በብዙ አንቀጾች በጥንቃቄ ከደነገገ በኋላ፣ በመጨረሻዎቹ አንቀጾቹ የመዝገቡን ሥራ ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ አቆይቶታል። ትእዛዙ የተጠበቀው ግማሽ ምእተ ዓመት ያህል ነው፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ወጣ፣ ምዝገባውም በአገር አቀፍ ደረጃ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ተጀመረ። ወሳኝ ኩነት የሚባሉት ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍችና ሞትን የመሳሰሉት ሲሆኑ፣ ልደት በተፈጸመ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። በዚህም ምክንያት ትናንት በደብረ ማርቆስ የተወለደ ሕፃን የተሟላ ማስረጃ ሲኖረው ቅድመ አያቱ የሌላት ሆና ተገኝታለች፤ እንዳታስመሰክርም፣ መወለዷን በዓይኑ ያየ ሰው ከእርሷ በዕድሜ መብለጥ ስላለበት፣ ምስክሩን ለማግኘት ቀበሌውን ሳይሆን መካነ መቃብሩን ማንኳኳት ግድ ይሆናል።

ለዚህ መዘግየት የመንግሥት ስንፍና ብቻውን ተጠያቂ አይደለም። የጎጃም ገበሬ ወረቀትና ገመድ ይዞ የሚመጣን ሰው በጥርጣሬ የሚያይበት በቂ ምክንያት ነበረው፤ መመዝገብ መቆጠርን፣ መቆጠር መለካትን፣ መለካት ግብርን እንደሚያስከትል፣ ግብሩም ሲውል ሲያድር ርስቱን እንደሚነካ ያምን ስለነበር፣ በ1960 የእርሻ ገቢ ግብርን በመቃወም እስከ ማመፅ ደርሷል። በደጋው ያልተመዘገበ ሰው የተዘነጋ ሰው ሳይሆን የተጠነቀቀ ሰው ነበር፤ የልጅ ልጁ አንድ ቀን ለአውሮፓ ፓስፖርት መዝገብ እንደሚፈልግ የነገረው አልነበረም።

ሳይመዘገቡ የቀሩት ሰውዬ ወይም ሴትዮ በሕይወት ካሉ ደግሞ የቀኑ ጥያቄ ይመጣል። በአንድ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት የሚከተለው ንግግር ሲካሄድ ማሰብ ይቻላል።

“እማማ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለዱ?”

“ጥልያን ሊወጣ ሲል ነው ልጄ፣ በሚካኤል ዕለት።”

“ሚካኤል በየወሩ አለ እኮ፤ የየትኛው ወር?”

“ገብስ ሲታጨድ ነው ትል ነበር እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና።”

ይህ መልስ ለሚያስተውለው ሰው የተሟላ ነው። ጣሊያን ከደብረ ማርቆስ የወጣው በመጋቢት 1933 መጨረሻ ነው፣ ሚካኤል በየወሩ በ12 ይውላል፣ ገብሱም ወሩን ይጠቁማል፤ ስለዚህ ሴትየዋ ኅዳር 12 ቀን 1933 ገደማ ተወልደዋል ማለት ነው። ቅጹ ግን ለገብስ የተዘጋጀ ሣጥን ስለሌለው፣ ጸሐፊው ብዙ ጊዜ እንደሚደረገው መስከረም 1 ብሎ ያልፋል። ቀኑ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲመነዘር ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት መደመር እንዳለበት የዘነጋ ተርጓሚ ልጁን በአንድ ዓመት ያስረጀዋል ወይም ያስጨቅለዋል። ጨርሶ ሳይመነዝር የተወ እንደሆነማ፣ በጥር 1930 የተወለደ ልጅ፣ የወራሪው ጦር ድንበር ሊሻገር ከአምስት ዓመት በላይ ሲቀረው፣ ማለትም ጣሊያናዊ አባቱ መርከብ ሳይሳፈር ደብረ ማርቆስ ላይ ተወልዶ ይገኛል፤ እንዲህ ያለውን ልደት ቤተ ክርስቲያን በተአምር መዝገብ ልታየው ትችል ይሆናል እንጂ ኮሙኔ አይቀበለውም።

ስምና ቦታም ከቀኑ አይሻሉም። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ስትነሣ የሚሰጠው የክርስትና ስም ከመጠሪያ ስም የተለየ በመሆኑ፣ የቤተ ክርስቲያን ማስረጃ ቢገኝ እንኳ ስለ ሌላ ሰው የሚናገር ይመስላል። ቦታው ደግሞ ሰውየው ከደጃፉ ሳይነቃነቅ ስሙን ሲለዋውጥ ኖሯል፤ ከተማዋ ራሷ ቀድሞ መንቆረር ስትባል፣ አገሩ በጣሊያን ዘመን ከጎንደር በሚገዛ የአማራ አገረ ገዥነት ሥር፣ ከነፃነት በኋላ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት፣ በደርግ ጊዜ በጎጃም ክፍለ ሀገር፣ ዛሬ ደግሞ በአማራ ክልል ምሥራቅ ጎጃም ዞን ሆኗል። በጣሊያን ቆንስላ መስኮት በኩል ሲታይ አንድ ቤተሰብ በሦስት ትውልድ አራት አገር የተሰደደ መስሎ ይታያል፤ ቤተሰቡ ግን ያንኑ እርሻ ሲያርስ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን በትዕግሥትና በቴምብር የሚታለፍ ነው። የማይታለፈው ቋጠሮ፣ ወረቀቱን የሚጠይቀው መንግሥት ራሱ ወረቀቱ እንዳይጻፍ በሕግ የከለከለ መሆኑ ነው። የጣሊያን ጦር ደብረ ማርቆስ የገባው በግንቦት 1928 ሲሆን፣ ዓመት ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1929፣ ከቅኝ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር የሚያዝዝ ድንጋጌ ወጣ። ግንቦት 5 ቀን 1932 የወጣው ሕግ ደግሞ ከጣሊያናዊና ከአገሬው ሰው የተወለደ ልጅ በሁሉ ነገር እንደ አገሬው እንዲቆጠር፣ ጣሊያናዊው ወላጅ ልጄ ነው ብሎ እንዳይቀበለው፣ ልጁም የዚያን ወላጅ የቤተሰብ ስም እንዳይዝ፣ ቀለቡና ማሳደጊያውም በአገሬው ወላጅ ላይ ብቻ እንዲወድቅ ወሰነ። ሕጉ በ1939 ቢሻርም፣ በሥራ ላይ በነበረበት ጊዜ የተወለደው ልጅ የአባት ገጽ ሳይከፈትለት አድጓል፤ በኅዳር ሚካኤል የተወለዱት እማማም፣ አባታቸው ጣሊያናዊ ቢሆን ኖሮ፣ ሕጉ ከወጣ በሰባተኛው ወር ወደዚህ ዓለም መምጣታቸው ነበር።

በጎጃም በኩልም ዝምታው ያነሰ አልነበረም። በላይ ዘለቀን የመሰሉ አርበኞች ገጠሩን ይዘው ጠላትን በየምሽጉ በሚያስጨንቁበት ዘመን፣ ከምሽጉ ወገን የተወለደ ልጅ ለእናቱ ቤተሰብ የሚወራ ነገር አልነበረም፤ ከእነዚህ ልጆች ስንቶቹ በፍቅር፣ ስንቶቹ በችግር፣ ስንቶቹ በግድ እንደተወለዱ የሚያውቁት እናቶቻቸው ብቻ ሲሆኑ፣ እነርሱም ላለመናገር በቂ ምክንያት ነበራቸው። ልጁ በእናቱ አባት ስም ተጠርቶ ነገሩ ተዘጋ። ኢትዮጵያዊ ከራሱ ስም ቀጥሎ የአባቱን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም ስለማይዝ፣ መዘጋቱ እንከን አልነበረውም፤ ሮም በሕግ የፋቀችውን አባት ጎጃም በይሉኝታ ለሁለተኛ ጊዜ ፍቃዋለች፤ ሁለቱ መንግሥትና ሕዝብ በዚያ ጦርነት የተስማሙበት ብቸኛ ጉዳይም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ከሰማንያ ዓመት በኋላ ግን የልጅ ልጅ በቪዛ ሰልፍ ቆሞ ሲመለስ፣ ስሙ እንዳይነሣ ሲታፈን የኖረው አያት በድንገት የቤቱ ተፈላጊ ሰው ይሆናል፤ ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ የተባለውም ይታወሳል።

የጣሊያን ሕግም ለተረቱ ጆሮውን ፈጽሞ አልደፈነም፤ ልጅ አባቱ በፍርድ እንዲታወቅለት የሚያቀርበው ክስ በይርጋ አይታገድም። ነገር ግን ልጁ ከሞተ ተወላጆቹ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልከሰሱ በሩ ይዘጋል፤ ልጁ በሕይወት ኖሮ አባትነቱ ከአካለ መጠን በኋላ ቢታወቅለትም፣ ዜግነቱን እወዳለሁ ብሎ እንዲመርጥ የሚሰጠው ጊዜ አንድ ዓመት ሲሆን፣ ዜግነቱ ወደ ኋላ ስለማይሠራ ፋይሉን ተሸክመው ላመላለሱት ጎልማሳ ልጆቹ በዚያው አይተርፍም። በዚህ ላይ መጋቢት 19 ቀን 2017 የወጣውና ግንቦት 15 በሕግ የጸደቀው ድንጋጌ፣ በደቡብ አሜሪካ የበዛውን አመልካች ለመግታት፣ በውጭ ተወልዶ ሌላ ዜግነት ያለውን ሰው የሐረግ ቆጠራ በወላጅና በአያት ላይ አቁሞታል፤ ያም ወላጅ ወይም አያት ሌላ ዜግነት ያልደረበ ጣሊያናዊ መሆን አለበት። የጎጃምን ርስት የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በአንድ ቀን ሲሽረው፣ ጣሊያን የራሷን ርስት ለመከርከም ሃምሳ ዓመት ዘግይታለች። በውጤቱ የወታደሩ የልጅ ልጅ፣ ማለትም ጡረታ የወጣው ወይም ሊወጣ የተቃረበው፣ በቁጥሩ ውስጥ ሲቀር፣ ሻንጣውን አዘጋጅቶ የሚጠብቀው የእርሱ ልጅ ከቁጥሩ ወጥቷል፤ መሄድ ለሚችለው ጉልበት፣ ጉልበት ላለው መሄድ ተነፍጎታል።

ሁሉም ተሳክቶ ፓስፖርቱ ቢገኝስ? በ1996 የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደን ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደ ተወ ስለሚቆጥረው፣ አዲሱ ጣሊያናዊ የትውልድ አገሩን እንደ ልብ ለመርገጥ ቢጫ ካርድ የሚባለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ማውጣት ይኖርበታል። ለዚህም የሚጠየቀው ቀድሞ ኢትዮጵያዊ እንደ ነበር፣ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ እንደ ነበረ የሚያሳይ ማስረጃ ነው፤ እማማም ልደታቸውን ለማስመስከር እንደገና ወደ ቀበሌ ይጠራሉ።

ይህን ሁሉ የሚያይ አመልካች ማስረጃ የለኝም ብሎ ተስፋ ከመቁረጡ በፊት ግን አንድ ነገር ማስተዋል ይገባዋል። በጎጃም የተወለዱትን እነዚያን ልጆች የኮሙኔ መዝገብ አያውቃቸውም፣ የክብር መዝገብ ዘግይቶባቸዋል፣ ቤተሰብ ደብቋቸዋል፤ ነገር ግን በሮም የተፈረሙና በመንግሥት ጋዜጣ የታተሙ፣ ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም ያላቸው ሁለት ሰነዶች ስለ ወላጆቻቸውና ስለ እነርሱ ይናገራሉ፤ የ1929ኙ ድንጋጌና የ1932ቱ ሕግ። የሌለ ነገር በአዋጅ አይከለከልምና፣ የጣሊያን መንግሥት ልጆቹ አሉ ብሎ በጽሑፍ ያመነው ልጆቹ እንዳይጻፉ በከለከለበት በዚያው ወረቀት ነው። ቆንስላው ይህን እንደ ልደት ማስረጃ ባይቀበለው አይፈረድበትም፤ ስለ ልጆቹ ከሚናገሩት ሰነዶች ሁሉ ተርጓሚ የማያስፈልገውና የቀን ስሕተት የሌለበት ግን እርሱ ብቻ ነው።