አፍንጫዋ እምቢ ያለች ቪትዝ

ቪትዝ የገዛ ሰው ምክር በነፃ ይመረቅለታል። ጎረቤት ይመክራል፤ መኪና አጣቢው ይመክራል፤ መንጃ ፈቃድ የሌለው የሚስት ወንድም ደግሞ ከሁሉም አብልጦ ይመክራል። ሌላው ሰው ሰምቶ፣ "እሺ" ብሎ ያልፋል። የእህቴ ልጅ ግን ሰምቶ ይከፍላል።

የእሱ መኪና ተራ ቪትዝ አይደለችም፤ አር ኤስ ናት። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1999 ቪትዝን ያወጣት ሽንኩርት ገዝቶ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት አምጥቶ፣ ጠባብ ቦታ ላይ ለሚያቆም ጨዋ ሰው ነበር። ኋላ ጎረምሶች ቅር እንዳይላቸው 1.5 ሊትር ሞተር ጫነባትና አር ኤስ አላት። ጉልበቷ ከ100 ፈረስ ይበልጣል፤ ባለቤቷም ገና ትዳር አልያዘም። ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህማ ቪትዝ በኑዛዜ የሚተላለፍ ንብረት ሆናለች። ልጁ መፍቻ ባነሳ ቁጥር እናቱ ስለት የምትሳለው ለዚህ ነው።

አቤቱታው ሁልጊዜ አንድ ነበር። "ጋሼ፣ ኩርባ ላይ መሪውን አዞራለሁ፤ እሷ ግን ቀጥ ብላ ትሄዳለች።"

ይህ የቪትዝ ጠባይ ነው፤ በፊተኛ ጎማ የሚጎተት የማንኛውም ትንሽ መኪና ጠባይ ነው። ሞተሩም ማርሹም የተጫነው ፊት ነው። መሪ የሚታዘዙት የፊት ጎማዎች ናቸው፤ መኪናዋን የሚጎትቱትም እነሱ፤ ፍሬን ሲያዝ አብዛኛው ሸክም የሚያርፈውም በእነሱ ላይ። ድግስ ቤት ያለች የበኩር ልጅ ማለት ናቸው፦ ወጥ እያማሰለች እንግዳ ተቀበዪ ትባላለች፣ እንግዳ እየተቀበለች ጠላ ቅጂ ትባላለች። የኋላዎቹ ተጋባዥ ናቸው፤ ተከትለው መጥተው ተከትለው ይሄዳሉ። ጎማ ደግሞ አስፋልት የሚይዝበት አቅም ልክ አለው። ያን አቅም ፍሬንና ነዳጅ ከተሻሙበት ለመታጠፍ የሚተርፍ የለም፤ ያን ጊዜ አፍንጫዋ ወደ ውጭ ትገፋለች።

አባቶቻችን በዚህ አልተፈተኑም። ቮልስና ሴይቼንቶ ሞተራቸው ከኋላ ነበር። ቮልስ ኩርባ ላይ ሲከፋት የምትወረውረው ቂጧን ነው፤ ሹፌሩ የመጣበትን መንገድ ፊት ለፊት ያየዋል። የድሮ ሰው ኩርባ አይቶ ቆብ ለማውለቅ የሚቃጣው ያለ ነገር አልነበረም። ቪትዝ ጨዋ ናት፤ አትዞርም፤ ቀጥ ብላ ወደ ገደሉ ትሄዳለች እንጂ። ፋብሪካዎች መኪናን እንዲህ የሚያበጁት ሆን ብለው ነው። የደነገጠ ሰው እግሩን ከነዳጅ ላይ ያነሳል፤ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፤ የፊት ጎማዎች አስፋልቱን መልሰው ይይዛሉ፤ አፍንጫዋም ትመለሳለች። የፋብሪካው ስሌት የተበላሸው እኛ ቤት ነው፤ የእህቴ ልጅ ሲደነግጥ እግሩን አያነሳም።

መድኃኒት ፍለጋው የተጀመረው ከማርሚታው ነው። ማርሚታ ከኩርባ ጋር ምን እንደሚያገናኘው እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም፤ መኪናዋ መምጣቷን ሰፈሩ ቀድሞ ማወቁ ግን ጥቅም ነው። ቀጥሎ ሰፋፊ ጎማ መጣ። ሲታጠፍ ፓራፋንጎውን እየፋቀ ስለሚጮህ ማርሚታው ብቻውን አይሰለቸውም ነበር። ከዚያ ሞላዎቹ ተቆረጡ፤ መኪናዋ ዝቅ ብላ ቁጭ አለች። በመጨረሻም ከኋላ ኮፈኑ ላይ ክንፍ ተተከለ። ክንፉ ከእህቴ የልብስ መስቀያ ይሰፋል።

ይህ ሁሉ ተገጥሞ ባለፈው ሚያዝያ ለዘመድ ሠርግ ወደ ውርጌሳ ወረድን። ከፊት እኔ፣ ከኋላ ሁለት አክስቶቹ። ደሴን ለቀን ሐይቅ ላይ ዓሣ በላን፤ የሐይቅን ዓሣ ሳይበሉ ማለፍ ነውር ነው። አምባሰልን በግራ በኩል እያየን ውጫሌ ገባን። ውጫሌ ሲገባ መኪና ውስጥ ካለ ሰው አንዱ በውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ሳይቀልድ አያልፍም፤ የእኛም ተቀለደችና አለፈች። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚህ የተፈረመው ውል ሰባት ዓመት ሳይሞላው አድዋ ላይ ተወራረደ። ጣሊያን ግን በ1928 ዓ.ም. ተመልሶ መጣና በአምስቱ ዓመት ከአዲስ አበባ ደሴን አልፎ አስመራ የሚዘልቀውን መንገድ በሰፊው ሠራ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ቢታደስም ተራራው አልተነሳም፤ ጠመዝማዛውም አለ። በእኔ ጥርጣሬ ጣሊያን የአድዋን ቂም የተወጣው በኩርባ ነው።

ከውጫሌ ወደ ውርጌሳ ቁልቁለቱ ተጀመረ። የበልግ ዝናብ አካፍቶ አስፋልቱን አርሶታል፤ ከተራራው የወረደ ቀይ ጭቃ በስሱ ተነጥፎበታል። ልጁ ቀጥታው ላይ ለቀቃት፤ ኩርባው ሲመጣ ፍሬን እየረገጠ መሪ ሰበረ። መኪናዋ አልሰማችም። "አልታጠፍ አለች!" አለና መሪውን ጨመረ። እሷም መሄዷን ጨመረች። የመንገዱ ነጭ መስመር ከጎማው ሥር ገብቶ በእኔ መቀመጫ በኩል ሲወጣ አየሁት። ከኋላ አንዷ አክስት "እመ ብርሃን!" ስትል ሌላዋ "ያ ረቢ!" አለች፤ ከወሎ ቤተሰብ ጋር መጓዝ ይህ ጥቅም አለው፣ በሁለቱም በኩል ይጮህልሃል። በጩኸቱ ደንግጦ ይመስለኛል እግሩን ከሁሉም ነገር ላይ አነሳ። ያን ጊዜ አፍንጫዋ ተመለሰች፤ የቀኙ ጎማ ግን የቦዩን ድንጋይ ሳይስም አላለፈም።

ቅያሪ ጎማ አስረን ወደ ውጫሌ ተመለስን። ጎሚስታው ጎማውን ፈትቶ ሲጥለው፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ሻይ የሚጠጡ አንድ ሽማግሌ ጠጋ አሉ። በወጣትነታቸው በኤንትሬ ፊያት አሰብ ሲመላለሱ የኖሩ ጡረተኛ ሹፌር ናቸው። ጎማውን በመዳፋቸው ከዳር እስከ ዳር ዳበሱት።

"መሃሉ አዲስ ነው። ትከሻው ግን መላጣ" አሉ። አስነኩኝ፤ እውነትም መሃሉ ላይ ጥርሱ ጣት ይይዛል፣ የውጭው ዳር ግን ለስልሶ ሽቦው ሊወጣ ቀርቦታል። "ንፋሱ ስንት ነው?"

ልጁ አንገቱን ደፋ። ሞላው ከተቆረጠ ወዲህ መኪናዋ ጉድጓድ ላይ አጥንት ስለምትሰብር፣ ለምቾት ብሎ ንፋሱን ወደ 22 አውርዶታል። ንፋስ ያነሰው ጎማ ኩርባ ላይ ይተኛል፤ አስፋልቱን የሚረግጠው በመዳፉ ሳይሆን በትከሻው ይሆናል። ስንት መሞላት እንዳለበት ፋብሪካው የሹፌሩ በር ሲከፈት በሚታይ ወረቀት ላይ ጽፎ ለጥፎታል። ልጁ ያንን ወረቀት የውድድር መኪና ሥዕል ለጥፎበታል።

"ይህስ ምንድን ነው?" አሉ ሽማግሌው፣ ወደ ክንፉ እያዩ።

"ክንፍ ነው አባባ። ንፋስ ሲመታው መኪናዋን ወደ መሬት ይጫናታል።"

"የትኛውን ጎማ ነው የሚጫነው?"

"የኋላውን።"

"የሚንሸራተትብህስ የትኛው ነው?"

"የፊቱ።"

"አብሽር" አሉት ሽማግሌው። "ክንፉም አይሠራም።"

ልክ ናቸው። የክንፍ ጉልበት የሚለካው በፍጥነት ነው፤ በ50 ኪሎ ሜትር ኩርባ ላይ ወፍ ካረፈበት የበለጠ ለውጥ አያመጣም። በትልቅ ፍጥነት ቢሠራ ደግሞ የኋላውን ተጭኖ የፊቱን ያቀለዋል፤ በሽታው ይብሳል እንጂ አይድንም። የተቆረጠው ሞላም እንዲሁ ነው። መኪናዋ ዝቅ ስትል ውድድር ላይ ያለች ትመስላለች፤ ኩርባ ላይ ስትጋደል ግን ሞላው መጨረሻው ላይ ይደርስና ድርቅ ይላል፣ ጎማው የመንገዱን ጎርበጥባጣ መከተል ያቆማል። የማይከተል ጎማ አይዝም።

ልጁ እጅ አልሰጠም። የሞንቴ ካርሎን የመኪና ውድድር ታሪክ ከስልኩ ላይ ለሽማግሌው ማስረዳት ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1964 ሚኒ ኩፐር የምትባል ጢንጥዬ በፊት ጎማ የምትጎተት መኪና፣ በረዶ በሞላው ተራራ ላይ ጉልበተኞቹን ሁሉ አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች፤ በ1965 እና በ1967ም ደገመችው። በ1966ማ ቀድማ ገብታ በመብራቷ ሰበብ ሰርዘዋታል። የስካንዲኔቪያ ሹፌሮች ምስጢር ግራ እግር ነበር፤ በቀኝ ነዳጅ እንደተረገጠ በግራ እግር ፍሬኑን ነካ እያደረጉ አፍንጫዋን ወደ ኩርባው ያስገቧት ነበር። ይህ እውነት ነው፤ የሚሠራም ዘዴ ነው። የእህቴ ልጅ ግን ሐይቅ ከመድረሳችን በፊት ሞክሮታል። ዕድሜውን ሙሉ ፍሪሲዮን ሲረግጥ የኖረ ግራ እግር "ነካ" የሚባል ነገር አያውቅም፤ የእኔ ግንባር ዳሽቦርዱን አውቆታል።

ሽማግሌው የሚኒን ታሪክ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙ። "ጎበዞች ናቸው" አሉ። "እኛ ግን ተሳቢ እየጎተትን ነበር። ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ ነበር ትምህርታችን። ፍሬንህን ቀጥታው ላይ ጨርስ። ኩርባ ውስጥ የምትሠራው ሥራ አይኑርህ።"

ከዚህ የበለጠ የምህንድስና መጽሐፍ አልጽፍም፤ ቁጥሩን ግን ላክልበት። ኩርባ ላይ ጎማ የሚጠየቀው ጉልበት በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ነው የሚያድገው። ከ40 ወደ 60 ስትጨምር ፍጥነቱ በግማሽ ጨመረ ትላለህ፤ ጎማው ግን ከእጥፍ በላይ ተጠይቋል። ራዲየሱ 30 ሜትር የሆነ ኩርባ በደረቅ አስፋልትና በደህና ጎማ እስከ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢያስኬድ፣ ዝናብ ሲነካው ወደ 45 ይወርዳል። ጭቃ ከነካውማ ቁጥር መጥራት ይቅር። አፍንጫዋ መውጣት ስትጀምር መሪ መጨመር ትርፉ ድካም ነው፤ ጎማው ካለቀ አቅሙ በላይ ሲጠመዘዝ የባሰ ይንሸራተታል፣ ትከሻው የሚላጨውም በዚህ ነው። ነዳጁን ቀለል፣ መሪውን ደግሞ ጥቂት ፈታ ማድረግ ነው። ገደል እያዩ መሪ መፍታት ግን ከሰው ልጅ ተፈጥሮ ጋር የሚጣላ ምክር መሆኑን አምናለሁ።

ከሠርጉ መልስ ደሴ ጋራዥ ገባች። የፋብሪካው ልክ ሞላና ጎማ ተመለሰላት፤ የተበሉት ጎሚኒዎች ተቀየሩ፤ አላይመንት ተሠራላት። ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ የመግዛት አቅም ስለነበረ ጠብ ተነሳ። ልጁ "የሚንሸራተተው የፊቱ ስለሆነ አዲሱ ፊት ይግባ" አለ፤ ጎሚስታውም አብሮት ነበር። የጎማ አምራቾች ግን አዲሱ ከኋላ ይሁን ነው የሚሉት። የፊቱ ሲንሸራተት እግር አንስቶ መመለስ ይቻላል፤ የኋላው ሲከዳ መኪናዋ ቮልስ ትሆናለች። ክርክሩን ያሸነፈችው እናቱ ናት፤ "ከፋዩ ማን ነው?" አለችና አዲሱ ከኋላ ገባ።

አሁን ቪትዟ ትታጠፋለች። የሠርግ ስጦታ የሆነ በግ ከኋላ ሲጫንባት ብቻ አፍንጫዋ ቀለል ትልና የድሮ ጠባይዋ ይነሳባታል፤ ያን ጊዜ ቀስ ማለት ነው፣ በጉም ቢሆን አይቸኩልም።

የተረፈ ዕቃ አለን። ክንፉ እህቴ በረንዳ ላይ ልብስ እየተሰጣበት ነው፤ እሱን ለመስጠት ፈቃደኛ አይደለችም። ሞላዎቹ ስለተቆረጡ ማንም አይፈልጋቸውም። ማርሚታው ግን ደህና ነው፤ ኮምቦልቻ ሲነሳ ደሴ ይሰማል። የሚገዛ ካለ በዋጋው እንስማማለን፤ የሰፈሩ ሰውም የማጓጓዣውን እኛ እንችላለን ብሏል።